አዳሪ ልግባ ወይስ ከቤት ልመላለስ?

ልጄ፣ ሚኒስትሪውን በጥሩ ውጤት አልፈሻል፤ የልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቱም መግቢያ ፈተና ቀንቶሻል። አባትሽ «ትሂድ» ይላል፣ እናትሽ «ገና ልጅ ናት» ትላለች፣ አንቺ የሁለቱን ፊት እያየሽ ዝም ብለሻል። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በማስተማር ነው፤ የሴት አዳሪዎች ማደሪያም ኃላፊ ነበርኩ። ያየሁትን ልንገርሽ።

1. ከሁሉ አስቀድመሽ ማታሽ የማን እንደሆነ መርምሪ። ቀኑንማ የትም ብትማሪ ክፍል ውስጥ ነው የምትውይው። ልዩነቱ የሚመጣው ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ደብተርሽ ላይ ጻፊው፦ ውኃ ቀዳሁ፣ ቡና አፈላሁ፣ ሽሮ ሠራሁ፣ ትንሹን ወንድሜን አጠብኩ፣ እንግዳ መጣ። ከዚያ መጽሐፍ የገለጥሽበትን ሰዓት ቁጠሪ። የአንዲት ጎበዝ ልጅ ውጤት ዘጠነኛ ክፍል ላይ ድንገት ሲያሽቆለቁል ሳይ፣ «ማታ እቤት የሚሠራው ማን ነው?» ብዬ እጠይቅ ነበር። «እኔ ነኝ» የሚለው መልስ ይበዛ ነበር። አዳሪ ቤት ግን ደወል ይደወላል፣ ሁሉም እኩል ለጥናት ይቀመጣል፣ ማንም መጥቶ «ተነሺ እስቲ» አይልሽም።

ወላጆችሽ ይህን ሰዓት ሊጠብቁልሽ ይችላሉ? ይችሉ እንደሆነ ፊት ለፊት ጠይቂያቸው። ወንድምሽ ውኃውን ይቅዳ፣ እንግዳውን ሌላ ሰው ያስተናግድ። አባትሽ ለዚህ ቃል ከገባና ከጠበቀው፣ በአቅራቢያሽም ደህና ትምህርት ቤት ካለ፣ እቤትሽ ሆነሽ ተማሪ። ቃሉን መስጠት ካቃታቸው ሂጂ። የቀረው ምክሬ ሁሉ ክብደቱ ከዚህ በታች ነው።

2. ውጤት ሲወራ አትደንግጪ፣ አትማለዪ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደረሱ። ብዙ ተማሪ ካሳለፉት መካከል ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ጎልተው ስለታዩ የወላጅ ልብ ወደዚያ መሸፈቱ አይገርምም። ግን አስቢው፤ እነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚቀበሉት የየወረዳውን አንደኞች ነው። ወንፊቱ ሥራውን የጨረሰው ገና በሩ ላይ ነው። ስለዚህ ስንት እንዳሳለፉ ሳይሆን የሒሳብና የፊዚክስ መምህራኑ ዓመቱን ሙሉ ይገኙ እንደሆነ፣ ቤተ ሙከራው ለተማሪ ይከፈት እንደሆነ ጠይቂ። ሰፈርሽ ያለውን ትምህርት ቤትም ይህንኑ ጠይቂ።

3. አዳሪ ከገባሽ አንደኛ መውጣትሽ ሊቀር ይችላል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ማንም ያልቀደማት ልጅ፣ በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት አሥራ ስምንተኛ ወጥታ ካርዷን ፍራሽ ሥር ደብቃ አግኝቻታለሁ። «ለአባቴ ምን እላለሁ?» ነበር ጭንቀቷ። ሰነፍ አልሆነችም፤ አጠገቧ የተቀመጡትም እንደ እሷ አንደኞች ነበሩ። ይህን አባትሽ ከአሁኑ ይስማው፣ አንቺ ስታለቅሺ እንዳይሰማው።

4. «ከቤት መመላለስ» የሚሉሽ በእርግጥ ከቤት ነው? ሁለተኛ ደረጃው ወረዳ ከተማ ሆኖ መንገዱ ሦስት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ከሆነ፣ መጨረሻው ከጓደኞችሽ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ መኖር ነው። እሑድ ስንቅ ተሸክመሽ ትሄጃለሽ፤ ሐሙስ እንጀራው ሻጋታ ያወጣል፤ ዓርብ በሶ በጥብጠሽ ትውያለሽ። በሩ በደንብ አይቆለፍም፣ ማታ የሚጠይቅሽ ትልቅ ሰው የለም። ይህ ጠባቂ የሌለው አዳሪነት ነው። ምርጫው በዚህና በአዳሪ ትምህርት ቤቱ መካከል ከሆነ፣ እናትሽም ብትሆን አታመንታ።

5. ናፍቆቱ ከባድ ነው፤ መጀመሪያዎቹ ወራት ላይ ይብሳል። መንፈቅ ዓመቱ ሳይዘጋ «ልመለስ» ብለሽ አትወስኚ። ሴት ልጅ ለትምህርት ከቤት ወጥታ ማደሯም ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተው የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት አዳሪዎች ነበሩት። ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙዎቹ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እያደሩ ነው የሚፈተኑት። ከቤት ርቃ ማደር ለለመደች ልጅ ያ የፈተና ጊዜ ይቀላታል።

6. ከመመዝገብሽ በፊት ከእናትሽ ጋር ሄደሽ ግቢውን እዪ። ክፍሉን በኋላ ታዪዋለሽ፤ ቀድመሽ መጸዳጃ ቤቱን እዪ። ውኃ አለ? በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ማታ ማደሪያው ውስጥ የምታድር ሴት ኃላፊ አለች? ልጅ ሌሊት ብትታመም ማን ይዟት ይወጣል? የወር አበባ የመጣባት ልጅ ሞዴስ ከየት ታገኛለች? በጾም ቀን ምን ይቀርባል? ወላጅ መደወል የሚችለው መቼ መቼ ነው? እናትሽ ስትጠይቅ አትፍሪ፣ አትሸማቀቂ። ማደሪያውን ለወላጅ አላሳይም የሚል ትምህርት ቤት ከሆነ ግን፣ የፈለገውን ያህል ተማሪ ቢያሳልፍ፣ እዚያ አትግቢ።