ጠያቂውን ከደጅ መመለስ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሕንድ የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ ተደርጎለት፣ ለክትትል አዲስ አበባ ከርሞ ወደ ዘመሮ ሊመለስ ነው። እንዴት ልንከባከበው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር ማረልዎ። መቅኔው ከሌላ ሰው የተወሰደ ከሆነ፣ ከንቅለ ተከላው በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ 100 ቀናት ቢያልፉም የመከላከል አቅሙ እስኪመለስ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። በጎች ከሚያድሩበት ቤት አይተኛ። ከድርቆሽና ከሻገተ እህል ይራቅ፤ የሻጋታው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከባድ ሕመም ያመጣል። ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተትና የቤት ጠላ ይቅርበት፤ የሚጠጣው ውሃም ይፍላ።

ከሁሉ የሚከብደው ጠያቂ መመለስ ነው። በእኛ አገር ነውር ይመስላል፤ ቢሆንም ጉንፋን የያዘውን፣ ዘመድም ቢሆን፣ ከደጅ ይመልሱት። ይህን እሱ ሳይሆን እርስዎ ወይም ወንድሙ ይናገሩለት።

መድኃኒቱን ያለ ሐኪሙ ፈቃድ አያቋርጥ። ቴርሞሜትር ይግዙ፤ መኪና ያለውን ሰውም ከወዲሁ ያነጋግሩ። ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ለሐኪሙ እየደወሉ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።