መቀነስን በባቄላ፣ በጭራሮና በሱቅ ጨዋታ



ክረምት ሲገባ ብዙዎቻችን ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ እንመለሳለን። ታናናሾቻችን ደብተራቸውን ይዘው ይጠብቁናል። ባለፈው ክረምት በአንድ የ3ኛ ክፍል ልጅ ደብተር ላይ ይህን አየን፦ 42 − 17 = 35። ቀይ ኤክስ ተደርጎበታል፤ ማብራሪያ ግን የለውም። «እንዴት ሠራኸው?» ስንለው፣ «ከ2 ላይ 7 አይነሣም፤ ስለዚህ ከ7 ላይ 2 ቀነስኩ» አለን። ቀጥሎም «እኔ ሒሳብ አይገባኝም» አለ።

ይኸው ልጅ በገበያ ቀን የእናቱን እንቁላል ሸጦ መልስ ሲሰጥ አይሳሳትም። ስለዚህ የጎደለው ችሎታ አይደለም፤ እጁ የሚያውቀውን ከደብተሩ ጋር የሚያገናኝለት ሰው ነው። እኛ የሞከርናቸውን ሦስት ጨዋታዎች እነሆ።

1ኛ. የተደበቀ ባቄላ

10 ባቄላ አብራችሁ ቁጠሩ። ልጁ ዓይኑን ሲጨፍን ጥቂቱን በሲኒ ድፉበት። 6 ከታየው «ስንቱ ተደበቀ?» በሉት። ከዚያ ተራው የእሱ ይሁን፤ እሱ ይደብቅ፣ እናንተ መልሱ። አንዳንዴ ሆን ብላችሁ ተሳሳቱ፤ ታላቁን ማረም ልጅን ደስ ያሰኘዋል። እስከ 10 ያሉትን ጣቱን ሳይቆጥር እስኪመልስ ድረስ ወደ ትልልቅ ቁጥር አትለፉ።

2ኛ. ጭራሮ መፍታት

ጭራሮ በልኩ ሰብራችሁ አሥር አሥሩን በክር እሰሩ። 42 ማለት 4 እስርና 2 ነጠላ ነው። «17 ስጠኝ» በሉት። 7 ነጠላ ሊሰጥ ሲል 2 ብቻ ያገኛል። እዚህ ላይ ዝም በሉ፤ ጨዋታው ያለው በዚህች ዝምታ ውስጥ ነው። ራሱ አንዱን እስር ሲፈታ 3 እስርና 12 ነጠላ ይኖረዋል። 7 ነጠላና 1 እስር ሲሰጥ 2 እስርና 5 ነጠላ ይቀራል፤ 25።

በትምህርት ቤት ይህን «መበደር» እንለዋለን። ልጅ ግን ብድር እንደሚመለስ ያውቃል፤ «መቼ ነው የምንመልሰው?» ቢል እውነቱን ነው። እዚህ የተበደረ የለም፤ አንዱ አሥር ወደ አሥር አንዶች ተመነዘረ እንጂ። «መመንዘር» ብንለው ባለ 10 ብር ኖት ሲመነዘር ያየ ልጅ ሁሉ ይገባዋል። አል-ኸዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) ባግዳድ ላይ ያብራራው የሂንድ አሐዝ ስሌትም የቆመው በዚሁ ላይ ነው፤ የአሥር ቤት ከአንድ ቤት፣ የመቶ ቤት ከአሥር ቤት አሥር እጥፍ ነው።

3ኛ. የሱቅ ጨዋታ

ልጁ ባለሱቅ ይሁን። የ17 ብር ዕቃ ግዙና 50 ብር ስጡት። ፊደል ያልቆጠሩ ነጋዴዎቻችን እንደሚያደርጉት ወደ ላይ እየቆጠረ ይመልስ፦ ከ17 እስከ 20፣ 3፤ ከ20 እስከ 50፣ 30፤ መልሱ 33 ብር። መቀነስ ማለት መውሰድ ብቻ ሳይሆን «ስንት ይጎድላል?» ብሎ መጠየቅም እንደሆነ የሚያየው እዚህ ነው።

ልብ እንበል

«42 ሲቀነስ 17» ስንል ከየትኛው የትኛው እንደሚነሣ ለልጅ ግልጽ አይደለም። «ከ42 ላይ 17 ሲነሣ» እንበል። መልሱን ደግሞ ራሱ በመደመር ይፈትሽ፦ 35 + 17 = 52፤ 42 አይደለም። በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል። ሴት ልጆችም ውኃ ቀድተው እስኪመለሱ እንጠብቃቸው፤ ጨዋታው ያለ እነሱ አይጀመር።

ያ ልጅ እስሩን ፈትቶ ከቆጠረ በኋላ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ ደብተሩን ስቦ 35ን ራሱ ሰርዞ 25 ጻፈ። «ሌላ ስጡኝ» አለን።

በዚህ ክረምት እያንዳንዳችን አንድ ልጅ እንያዝ። የሚያስፈልገው አንድ እፍኝ ባቄላ፣ ጥቂት ጭራሮና ትዕግሥት ነው።