ኤሊን በቤት ውስጥ ማሳደር፦ በደጋ ብርድ ምን ያስፈልጋታል?



የዛሬው ትምህርታችን ትንሽ የሚመስል፣ ግን ከአማና ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነው። ኤሊ አትጮኽም፣ አታስቸግርም። ስለዚህ ብዙ ሰው ካርቶን ውስጥ አስቀምጦ ጎመን ቢጥልላት የሚበቃ ይመስለዋል። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው፤ ስለማትጮኽ ስትጎዳም የሚሰማት የለም።

ሀ. ከመያዛችን በፊት

በአገራችን ቆላማ አካባቢዎች የሚገኙት የየብስ ኤሊዎች የዱር እንስሳት ናቸው። በአገራችን ሕግ መሠረት የዱር እንስሳን ለመያዝ ፈቃድ ያስፈልጋል። ዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነትም (ሳይተስ) የየብስ ኤሊዎችን ሁሉ በቁጥጥር ሥር አድርጓል። ስለዚህ መንገድ ዳር ያየናትን ኤሊ አንስተን ወደ ቤት አንወስድም። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጫጩቶቿ ተወስደውባት የተጨነቀችን ወፍ ባዩ ጊዜ ጫጩቶቹ እንዲመለሱላት አዘዋል።

ሌላው ዕድሜ ነው። እኛ ምሕንድስናን በአምስት ዓመት እንጨርሳለን፤ ኤሊ ግን 50 ዓመትና ከዚያም በላይ ልትኖር ትችላለች። ተመርቀን ስንሄድ ማን ይይዛታል? መልስ ከሌለን አንጀምር። ዶርምም ቦታዋ አይደለም። ከዚህ በታች ያለው በፈቃድ የተያዘችና ቤተሰብ አብሮ የሚንከባከባት ኤሊ ላላቸው ነው።

ለ. ማደሪያው

ለትንሽ ኤሊ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ከላይ ክፍት የእንጨት ሳጥን ጥሩ መነሻ ነው። ስታድግ ግን ይጠባታል፤ በዚያን ጊዜ ክፍል ወይም ግቢ ያስፈልጋታል። ግድግዳው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ የውጭውን የሚያሳይም አይሁን። መስታወት ከሆነ የሚያልፍ መንገድ ያለ እየመሰላት ስትገፋ ትውላለች። ወለሉ ላይ አፈርና አሸዋ ቀላቅለን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል እናንጥፍ። የጥድ ሰጋቱራ ግን ሽታው ሳንባዋን ስለሚጎዳ አይሆንም። በአንዱ ጥግ መደበቂያ፣ በሌላው ደግሞ ጭንቅላቷን ሳትዘፍቅ የምትጠጣበት ጠፍጣፋ የውሃ ሳሕን ይቀመጥ።

ሐ. ሙቀት

እንደ ግምጃ ቤትና እንጅባራ ባለ ብርዳማ አገር ዋናው ፈተና ይህ ነው። ኤሊ የሰውነቷን ሙቀት ራሷ አታመነጭም፤ ከውጭ ትወስዳለች። ከቀዘቀዘች ምግቡን መፍጨት ያቅታታል። ብርድና እርጥበት ሲደመሩ ደግሞ ሳንባዋ ይታመማል።

መፍትሔው ሳጥኑን በሙሉ ማሞቅ አይደለም። አምፖሉን በአንድ ጫፍ ብቻ ሰቅለን ከሥሩ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ፣ በሌላው ጫፍ 25 ዲግሪ ገደማ እንዲሆን እናድርግ። እሷ ራሷ እየተዘዋወረች የሚስማማትን ትመርጣለች። በግምት አንሥራ፤ በሁለቱም ጫፍ ቴርሞሜትር እናስቀምጥ። በእኛ አገር ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ያህል ስለሆነ ከሱብሕ በኋላ ማብራትና መግሪብ ላይ ማጥፋት ይበቃል። ሌሊት ከ18 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ሳጥኑን ከሲሚንቶ ወለል ከፍ አድርገን በብርድ ልብስ እንከልል።

አሁን ትንሽ ስሌት። ባለ 100 ዋት አምፖል በቀን 12 ሰዓት ቢበራ በቀን 1.2፣ በወር 36 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ ደግሞ ያው አምፖል የሚሰጠው 70 ዋት ገደማ ብቻ ነው። አምፖሉ በራ ማለት ኤሊዋ ሞቃት ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ። መብራት ሲጠፋ የሞቀ ውሃ የያዘ ትንሽ ጀሪካን በጨርቅ ጠቅልሎ አጠገቧ ማስቀመጥ ይረዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ በአዊ ከሰል እንደ ልብ ስለሚገኝ በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥሎ ማሞቅ ቀላል ሊመስል ይችላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታ የለውም፤ ኤሊዋን ብቻ ሳይሆን የተኛውንም ሰው ይገድላል። አምፖሉንም በኤሌክትሪክ ገመዱ ብቻ አናንጠልጥል። በሽቦ ወይም በሰንሰለት ይታሰር፤ ከገለባና ከጨርቅም ይራቅ።

መ. ፀሐይ

ኤሊ አጥንቷንና ቅርፊቷን ለማጠንከር ካልሲየም ያስፈልጋታል። ካልሲየሙን ለመጠቀም ቫይታሚን ዲ፣ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ደግሞ ከፀሐይ የሚመጣው አልትራቫዮሌት ቢ ጨረር ያስፈልጋታል። ይህ ጨረር በመስኮት መስታወት አያልፍም፤ ተራ አምፖልም አይሰጠውም። ስለዚህ በበጋ በየቀኑ ውጭ፣ ጥላም ባለበት የታጠረ ቦታ ፀሐይ ትሙቅ። ውሻና ጭልፊት እንዳይነኳት ብቻዋን አትተው። ክረምት ፀሐይ ለሳምንታት ሲጠፋ ግን ልዩ የአልትራቫዮሌት አምፖል ግድ ይሆናል። ይህን ማሟላት የማይችል ሰው ኤሊ ባይዝ ይሻላል።

ሠ. ምግብና ንጽሕና

ዋና ምግቧ ሣርና ቅጠላ ቅጠል ነው። የበለስ ቁልቋል ቅጠል እሾሁ ተነቅሎ ይሰጣታል። የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ለካልሲየም ይጠቅማል። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ወተትና ሥጋ አይሰጣትም። ትንሽ ከሆነች በሳምንት ሁለት ጊዜ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ እናቆያት።

ኤሊ ጤነኛ መስላ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ልትሸከም ትችላለች። ከነካናት በኋላ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ፤ ዕቃዋንም ወጥ ቤት አናጥብ። ኩሷ ልብስንና መስገጃን እንዳይነካ ማደሪያዋ ከምንሰግድበት ቦታ ይራቅ።

አፍንጫዋ አረፋ ካወጣ፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች፣ ቅርፊቷ ከለሰለሰ ወይም ለቀናት ካልበላች ወደ እንስሳት ሐኪም እንውሰዳት።

ቡኻሪና ሙስሊም ድመት አስራ በረሃብ ስለገደለች ሴት የዘገቡትን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሴትዮዋ ድመቷን አልመገበቻትም፤ የራሷን ምግብ ፈልጋ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ሳጥን ውስጥ ያለች ኤሊም ሙቀቷን፣ ፀሐይዋንና ምግቧን ራሷ ፈልጋ ማግኘት አትችልም። በሩን የዘጋነው እኛ ስለሆንን ሁሉንም የማሟላት ኃላፊነት የእኛ ነው።

ወላሁ አዕለም።

ለመወያያ፦
1. ኤሊ በደጋ ክረምት ከምግብ ይልቅ በምን እጥረት ልትጎዳ ትችላለች? ለምን?
2. መብራት ለሁለት ቀን ቢጠፋ በቤታችሁ ባለ ነገር ምን ታደርጋላችሁ?