ስለ ባትሪ መሰርሰሪያ ጥራትና ዋጋ ለአገረ ገዥዎች፣ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለ እርሻዎች የተጻፈ ትምህርት

የኤሌክትሪክ ሽቦ ባልደረሰበት ቀበሌ ዘመናዊ የንብ ቀፎ ለማበጀት፣ የጎተራ በር በማጠፊያ ለማሰር ወይም የከብት በረት ለማደስ፣ በባትሪ ኀይል የሚሠራ መሰርሰሪያ እጅግ የሚጠቅም መሣሪያ ነው። ነገር ግን በወረዳው ገንዘብ የሚገዛ ሹም የመሣሪያውን ቀለምና የተጻፈበትን ቍጥር ብቻ አይቶ የገዛ እንደ ሆነ፣ ብዙ ሳይቈይ ባትሪው ይሞትና መሣሪያው በመጋዘን ጥግ ይጣላል፤ የሕዝብም ገንዘብ በከንቱ ይቀራል።

ገመድ የሌለውን መሰርሰሪያ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1961 ዓ.ም. ለገበያ ያወጣው የአሜሪካው ብላክ ኤንድ ዴከር ነው። የጃፓኑ ማኪታ በ1969 ዓ.ም. ተከተለው። በ2005 ዓ.ም. ማኪታና ሚልዋኪ ለከባድ ሥራ የሚሆነውን የሊቲየም ባትሪ ካወጡ በኋላ ግን የቀድሞው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ እየቀረ ሄደ። እንግዲህ ዛሬ የሚነጻጸረው በሊቲየም የሚሠራው ነው።

በመጀመሪያ የቮልቱን ቍጥር ማስተዋል ይገባል። ዲዋልት በአሜሪካ 20 ቮልት ብሎ የሚሸጠው ባትሪ በኤውሮፓ 18 ቮልት ተብሎ የሚሸጠው ነው። ይኸውም እያንዳንዳቸው 3.6 ቮልት የሆኑ 5 ክፍሎች ተገጥመው 18 ስለሚሆኑ ነው፤ 20 የሚባለው ገና ተሞልቶ ሥራ ሳይጀምር የሚለካው ነው። ከዚህም የባሰ አለ፤ ስማቸው የማይታወቅ ርካሽ መሣሪያዎች 48 ወይም 88 የሚል ቍጥር ይለጠፍባቸዋል፤ ባትሪው ሲከፈት ግን ብዙ ጊዜ እነዚያው 5 ክፍሎች ናቸው። የባትሪው ስንቅ የሚታወቀው ቮልቱን በአምፔር ሰዓት በማባዛት ነው። 18 ቮልትና 2 አምፔር ሰዓት 36 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ 18 ቮልትና 5 አምፔር ሰዓት ግን 90 ነው። ሁለቱም በላያቸው 18 ቮልት ተጽፎባቸው ሳለ አንዱ የሌላውን ሁለት እጥፍ ተኩል ይይዛል።

የማዞር ጕልበትም በኒውተን ሜትር ይለካል፤ ይህም ቢሆን ብቻውን አይፈርድም። የማኪታ 482 ቍጥር መሰርሰሪያ 62 ሲኖረው 484 ያለው 54 ነው። ሆኖም ሁለተኛው ሞተሩ የካርቦን ብሩሽ የሌለው ስለ ሆነ ባትሪውን ቈጥቦ ይሠራል፤ የሚያልቅ ብሩሽም የለበትም። ለእንጨትና ለስስ ብረት 54ቱ ይበቃል፤ በጎተራ በር ላይ ከዚያ የበለጠ ጕልበት ብሎኑን ከመቍረጥ በቀር ምን ይሠራል?

የኩባንያ ስምም በራሱ ዋስ አይሆንም። የጀርመኑ ቦሽ ሰማያዊውን ለባለሞያ፣ አረንጓዴውን ለቤት ሥራ ያደርጋል፤ የአንዱም 18 ቮልት ባትሪ ለሌላው አይገጥምም። ዲዋልትና ብላክ ኤንድ ዴከር ባለቤታቸው አንድ ሲሆን ዲዋልት ለሠራተኛ፣ ሁለተኛው ለቤት ናቸው። የሊክተንስታይኑ ሒልቲ ኮንክሪት ለሚበሳ ሕንፃ ሠሪ እጅግ ያማረ ነው፤ ቀፎ ለሚሠራ አናጢ ግን ዋጋው አይመጥንም።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር የባትሪው አንድነት ነው። አንድ ሹም 9 መሣሪያዎችን ከሦስት ኩባንያዎች ርካሽ ርካሹን መርጦ ቢገዛ፣ የአንዱ ባትሪ በሞተ ጊዜ ከሌላው ተበድሮ ሊሠራ አይችልም። ከአንድ ኩባንያ በአንድ ዓይነት ባትሪ የገዛው ግን መሰርሰሪያውን፣ መጋዙንና መሞረጃውን በጥቂት ባትሪዎች እያፈራረቀ ያሠራል። ስለዚህ ከመግዛት አስቀድሞ የዚያው ኩባንያ ባትሪና ኀይል መሙያ በአቅራቢያው ከተማ ለብቻው የሚሸጥ መሆኑን መጠየቅ፣ ዋጋውንም ከመሣሪያው ዋጋ ጋራ ደምሮ ማስላት ያስፈልጋል። የታወቀ ስም ተለጥፎበት በዋጋ እጅግ የወረደ ባትሪ ሲገኝ አስመሳይ እንዳይሆን መጠርጠር ይገባል፤ እውነተኛው 5 አምፔር ሰዓት የሚይዘው በእጅ ሲመዘን ከባድ ነው።

እንደ ሑመራና እንደ ሰመራ ባሉ ቈላ አገሮች የሚሠሩ ሹማምንት ደግሞ የመጋዘን ጠባቂውን አንድ ነገር ማዘዝ አለባቸው። ማኪታ ባትሪው በ10 እና በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል እንዲሞላ ያዝዛል፤ በእነዚያ አገሮች የበጋ ቀን ከ40 ስለሚያልፍ፣ ባትሪው ማለዳ ይሞላ፤ በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥም አይተው።