እናትሽን ጠይቂያቸው

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ሽንቷን መቆጣጠር ካቃታት ቆየ። አስታማሚ ብቀጥርላት ዳይፐር ስትቀይር ፊቷን ታኮሳትራለች፤ «ሥራው ከብዶኛል፣ ደመወዝ ይጨመርልኝ» ትላለች። እህቴ ደግሞ «ሌላ ፈልጊ» ትለኛለች። እማዬ የራሰ ቀሚሷን ፍራሽ ሥር ትደብቃለች፤ ከማኅበሯም ቀርታለች። አሁን ልጅ ሆናለች፤ የምትጠጣውን ውሃ እንኳ እየለካሁ የምሰጣት እኔ ነኝ። አስታማሚዋን ልቀይራት?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቅሽኝ ስለ አስታማሚዋ ነው። እኔ ግን «አሁን ልጅ ሆናለች» ያልሽውን አልፌ መሄድ አቃተኝ። አልሆኑም! ሕፃን ይሸናል እንጂ የራሰ ልብሱን አይሸሽግም። እናትሽ ቀሚሳቸውን የሚደብቁት ክብራቸውን ለማትረፍ ነው። ከማኅበር የቀሩትም ጠረኑ ለሰው እንዳይደርስ ሰግተው ይመስለኛል። ይህን ሁሉ ለሚያስብ ሰው ውሃ አይለካለትም። ደግሞስ ውሃ መቀነስ መቼ ይጠቅማል? ሽንቱ እየጠቆረ ፊኛን ያስቆጣል፤ ሆድ ይደርቃል፤ የደረቀው ሆድ ፊኛን ይጫናል፤ ማምለጡም ይብሳል።

በእርጅና ማሳበባችን ያናድደኛል። የሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ ተከፍቶ፣ በወሊድ ተጎድታ ሽንት የሚያመልጣት ሴት እንደምትታከም አገር ሰምቷል። ያቺው ሴት አርጅታ ሲያመልጣት ግን «ዕድሜ ነው» ብለን ዳይፐር ገዝተን እንቀመጣለን። የእናትሽ ችግር የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ስኳር፣ የሚወስዱት ካለ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ወይም በወሊድ የላላ ጡንቻ ሊሆን ይችላል። አብዛኛው ይታከማል፤ ባይድን እንኳ ይቀላል።

ሐኪም ጋ ውሰጃቸው፣ ውሃቸውን መልሺላቸው፣ አስታማሚዋም ሳይጠይቋት በየሁለት ሦስት ሰዓቱ መጸዳጃ ቤት ታድርሳቸው።

አሁን የከነከነኝን ልንገርሽ። አስታማሚዋ ያለችውን ጽፈሽልኛል፤ እህትሽ ያለችውን ጽፈሽልኛል። እናትሽ የተናገሩት ግን አንድ ቃል የለም። ወልደው ያሳደጉሽ ሴት በገዛ ገላቸው ጉዳይ አልተጠየቁም። ልብሳቸውን የምታወልቀው፣ የምታጥባቸው ይህች አስታማሚ ናት፤ ትቆይ ወይም ትሂድ ማለትም የእሳቸው ነው። እሷ በሌለችበት በሩን ዘግተሽ ጠይቂያቸው። አፍረው ዝም ቢሉ አትቸኩዪባቸው፤ ቁጭ ብለሽ ጠብቂያቸው። ያሉሽን ሰምተሽ ከዚያ ጻፊልኝ።