የብራና መጽሐፍን በፎቶግራፍ ስለ ማንሣት፤ የካሜራ ሰሌዳ ስፋትና የትኩረት ጥልቀት

ብራና እንደ ወረቀት ተዘርግቶ አይቀመጥም። ቆዳ ነውና እርጥበትና ሙቀት በተፈራረቁበት ቍጥር ይኮማተራል፤ መጽሐፉ ሲገለጥም ገጹ በመካከሉ ወደ ላይ ያብጣል፥ በስፌቱ በኩል ወደ ውስጥ ይሰምጣል። በሁለቱ መካከል የ3 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ቢገኝ አያስደንቅም። ስለዚህ መጽሐፉን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው የመካከሉ ጽሕፈት ጥርት ብሎ ወጥቶለት፥ በስፌቱ አጠገብ ያለው ግን ደብዝዞበት ይገኛል። «በ»ን ከ«ቡ» የምትለየው አንዲት ጭረት ናት። እርሷ ከጠፋች ከፎቶግራፉ የሚገለብጠው ሰው በግምት ይጽፋል፤ ግምቱም ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው አንባቢ ንባብ ሆኖ ይቀራል።

ሌንስ በእውነት ጥርት አድርጎ የሚያሳየው በአንድ ርቀት ላይ ያለውን ብቻ ነው። ከዚያ የራቀው ወይም የቀረበው ነጥብ ሁሉ በካሜራው ውስጥ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ትንሽ ክብ ይሆናል። ይህ ክብ ዓይን ሊለየው እስከማይችል ድረስ ትንሽ ከሆነ ግን ተመልካቹ እንደ ነጥብ ይቈጥረዋል። እንዲህ ከፊትና ከኋላ ጥርት ብሎ የሚታየው ስፋት የትኩረት ጥልቀት ይባላል።

በቀድሞው ካሜራ ፊልም በነበረበት ስፍራ በዛሬው ካሜራ ብርሃን የሚቀበል ሰሌዳ አለ፤ ሴንሰር ይሉታል። ሙሉ ልክ የሚባለው 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም ልክ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1925 ዓ.ም. ለገበያ ከቀረበው ከላይካ ካሜራ የፊልም ልክ የተወረሰ ነው። ማይክሮ ፎር ሰርድስ የሚባለው 17.3 በ13 ሚሊ ሜትር ነው። የእጅ ስልክ ሰሌዳ ብዙውን ጊዜ ከአውራ ጣት ጥፍር ያንሳል።

«ሰሌዳው ባነሰ ቍጥር የትኩረቱ ጥልቀት ይበዛል» የሚለው ቃል በብዙዎች አፍ ይሰማል። እውነትነቱ ግን በምሳሌ ሊመረመር ይገባዋል። መጽሐፉ በአትሮንስ ላይ ተቀምጦ ካሜራው በግማሽ ሜትር ርቀት ቆሟል እንበል። ሙሉ ሰሌዳ ያለው ካሜራ ገጹን በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይይዛል፤ ባለ ትንሹ ሰሌዳ ያንኑ ገጽ በ25 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይይዛል። ሁለቱም በኤፍ 4 ቢያነሡ፥ የትልቁ ጥልቀት 2 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ የትንሹ 4 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። እንግዲህ 3 ሳንቲ ሜትር ያበጠው ብራና በትንሹ ይጠራል፤ በትልቁ ይደበዝዛል።

ምክንያቱ ከሰሌዳው ይልቅ በብርሃን መግቢያው ቀዳዳ ይገኛል። ኤፍ 4 ማለት የሌንሱ የትኩረት ርቀት ለ4 ሲካፈል የሚገኘው የቀዳዳው ስፋት ነው። 50 ለ4 ሲካፈል 12.5፥ 25 ለ4 ሲካፈል 6.25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስማቸው አንድ ሲሆን ቀዳዳቸው አንድ አይደለም! ቀዳዳው ሲሰፋ ከትኩረት የወጣው ነጥብ የሚሠራው ክብ ይሰፋል፤ ሲጠብ ይጠባል። ዓይኑ የደከመ አንባቢ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ፊደል የሚለየው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ትልቁ ካሜራ ወደ ኤፍ 8 ቢጠብ ቀዳዳው 6.25 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ጥልቀቱም ከትንሹ ጋር ይተካከላል።

ነገር ግን ዋጋ አለው። በኤፍ 8 ሰሌዳውን የሚያገኘው ብርሃን በኤፍ 4 ከሚያገኘው አንድ አራተኛው ነው። በሰከንድ 60ኛ እጅ ይነሣ የነበረው ገጽ 15ኛ እጅ ይጠይቃል፤ ይህን ያህል ጊዜ ካሜራን ሳያንቀጠቅጥ የሚይዝ እጅ ጥቂት ነውና ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ያስፈልጋል። አለዚያ የሰሌዳውን የብርሃን ስሜት ከ400 ወደ 1600 ከፍ ማድረግ ነው። በዚህም ትልቁ ከትንሹ አያንስም፤ ስፋቱ ወደ አራት እጥፍ ስለሚጠጋ በጠቅላላው የሚሰበስበው ብርሃን ከትንሹ ጋር ይቀራረባል። ትንሹ ሰሌዳም ጥልቀቱን በነጻ አላገኘውም፤ ከመጀመሪያው ጥቂት ብርሃን በመቀበል ከፍሎበታል።

«ሌንሱና ርቀቱ ሳይለወጥ ሰሌዳው ብቻ ቢያንስስ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ያን ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል። ያው የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በዚያው ርቀት በኤፍ 4 በትንሹ ካሜራ ላይ ቢገጠም፥ የገጹ ግማሽ ወርድ ያህል ብቻ ይያዛል። ፎቶግራፉም ከትልቁ ጋር በእኩል መጠን ሲታተም ሁለት እጥፍ ይጐላል፤ ብዥታውም አብሮ ይጐላልና ጥልቀቱ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። በዚህ ነገር የሚከራከሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ አንደኛው ገጹን፥ ሁለተኛው ሌንሱን እኩል አድርጎ መነሣቱን ሳያስተውሉ ነው።

የእጅ ስልክ ሌንስ ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ ተሳላሚው እናቱንና ከኋላዋ ያለውን ጕልላት በአንድነት አጥርቶ ያነሣል። ስልኩ ኋላውን አደብዝዞ የፊቱን ሰው ብቻ ሲያሳይ ግን ብዥታው በአብዛኛው በስሌት የተጨመረ ነው፤ የነጠላን ጥለት ከኋላው ግድግዳ ጋር አብሮ የሚያደበዝዝበት ጊዜ አለ። መጽሐፍ በሚነሣበት ጊዜ ይህ አሠራር መዘጋት አለበት።

ከቅርብ ሲነሣ ጥልቀቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እኩል ሊባል በሚችል መጠን ይከፈላል። ስለዚህ ትኩረቱ ካበጠው ጫፍ ወይም ከሰመጠው ስፌት ይልቅ በሁለቱ መካከል ባለው መስመር ላይ ቢደረግ ይሻላል። ቀጥሎም ቅጠሉ ከመገለጡ በፊት በስፌቱ አጠገብ ያለውን ፊደል በካሜራው መስኮት ላይ አጕልቶ «በ»ው ከ«ቡ» መለየቱን ማየት ነው።