ከአድማው በፊት የነበረው ጥያቄ፦ አብራሪዎች፣ አስተዳደርና የዕረፍት ሰዓት

ስለ አየር መንገድ የምንሰማው ዜና ብዙ ጊዜ ከሦስት ዓይነት አያልፍም፦ አዲስ አውሮፕላን ተገዛ፣ አዲስ መዳረሻ ተከፈተ፣ ወይም አደጋ ደረሰ። ሠራተኛውና አስተዳደሩ ስለ ሥራ ሰዓት፣ ስለ ዕረፍትና ስለ ፕሮግራም አወጣጥ የሚከራከሩት ክርክር ግን ዜና የሚሆነው ሰው ሲታሰር ወይም በረራ ሲሰረዝ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ክርክር ስለ ምን እንደሆነ ማሳየትና እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች መቼ መጠየቅ መጀመር እንዳለብን ማመልከት ነው።

ክርክሩ ስለ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የአብራሪ ማህበር ሲባል ደመወዝ ብቻ ይመስለዋል። ደመወዝ አለ፣ አይካድም። ነገር ግን ከሥሩ የሥራ ደንብ አለ፦ አብራሪ በአንድ ቀን ስንት ሰዓት ይበር፣ በሁለት በረራ መካከል ስንት ሰዓት ይረፍ፣ «ደክሞኛል፣ አልበርም» ቢል ምን ይደረግበታል? የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አባል አገሮች ሁሉ ለዚህ ደንብ እንዲያወጡ ግዴታ አለባቸው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ አንድ የመንገደኛ አውሮፕላን አብራሪ ከሥራ በፊት ቢያንስ 10 ሰዓት ማረፍ አለበት፤ ከዚህ ውስጥ 8ቱ ሳይቋረጥ የሚተኛበት ዕድል መሆን አለበት። በአውሮፓ ደግሞ በ28 ቀን ውስጥ ከ100 ሰዓት በላይ መብረር ክልክል ነው።

አስተዳደሩም የራሱ እውነት አለው። አንድ አውሮፕላን ከዘገየ ከእሱ ወርዶ ሌላ የሚሳፈረው መንገደኛ ሁሉ ይዘገያል። ቦሌን የመሰለ የመሸጋገሪያ ጣቢያ የቆመው በሰዓት መገጣጠም ነው። ለእያንዳንዱ አብራሪ ዕረፍት ሲጨመር ተጨማሪ አብራሪ መቅጠርና ማሠልጠን ይመጣል። ታዲያ አንዱ ወገን ስለ ወጪ፣ ሌላው ስለ ድካም ሲያወራ የሚስማሙበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል።

ሕጉ ምን ይላል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ላይ ሁለት መብቶችን ጎን ለጎን አስቀምጧል፦ ሥራ ማቆምን ጨምሮ ቅሬታን የማሰማት መብት፣ እንዲሁም የተወሰነ የሥራ ሰዓትና ዕረፍት የማግኘት መብት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ግን አየር ትራንስፖርትን ለሕዝብ እጅግ አስፈላጊ ከሆኑ አገልግሎቶች ጋር መድቦ በዚህ ዘርፍ ሥራ ማቆምን ከልክሏል። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ክልከላውን አላነሳም። አለመግባባት ሲነሳ መንገዱ ወደ አስማሚ፣ ከዚያም ወደ ወሳኝ ቦርድ ነው። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ ያለ ማህበር በእጁ የሚቀረው ንግግርና ክርክር ብቻ ነው ማለት ነው።

ጉዳዩ ታሪክም አለው። መስከረም 1968 ዓ.ም. የአየር መንገድ ሠራተኞች የሠራተኛ ማህበራቱን ጽሑፍ ሲያሰራጩ በጸጥታ ኃይሎች ተተኩሶባቸው የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሠራተኛ ማህበራቱ አንድነትም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ።

ሁለት ዜናዎች

የመጀመሪያው የ2010 ዓ.ም. ነው። በነሐሴ መጨረሻ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች የክፍያና የጥቅማጥቅም ጥያቄ አንስተው ሥራ አቆሙ። እነዚህ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን እንጂ የአየር መንገዱ ሠራተኞች አይደሉም፤ ያለ እነሱ ግን አብራሪ አይነሳም። ጡረታ የወጡ ተቆጣጣሪዎች ተጠርተው በረራው ቀጠለ። የኬንያ ተቆጣጣሪዎች ማህበር ስለ ደህንነቱ ሥጋቱን ሲገልጽ ባለሥልጣኑ አስተባበለ። በዓመት መለወጫው ሰሞን ዘጠኝ ተቆጣጣሪዎች ታሰሩ። ዜናው «አድማ» እና «እስራት» በሚሉ ሁለት ቃላት አለቀ። ጥያቄው ከመቼ ጀምሮ እንደቀረበና ለማን እንደቀረበ የነገረን ዘገባ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. የሆነው ነው። ከካርቱም የመጣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 መውረድ ሲገባው በ37 ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ ቦሌን አልፎ ሄደ፤ በኋላ ተመልሶ በሰላም አረፈ። የአቪዬሽን መገናኛ ብዙኃን አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበር ዘገቡ። አየር መንገዱ በመግለጫው አውሮፕላኑ ለጊዜው ከመቆጣጠሪያው ጋር ግንኙነት አጥቶ እንደነበርና ሠራተኞቹ ምርመራው እስኪጠናቀቅ ከበረራ መታገዳቸውን ገለጸ።

ያኔ እኔ ለሚ ነበርኩ፣ ሰሜን ሸዋ። ወሬው በስልክ ደርሶ ሰዉ ይስቅ ነበር፤ «ሰው እንዴት ሰማይ ላይ ይተኛል?» እያለ። ከሳቂዎቹ መሐል ዝም ያሉት አንድ ጋሼ የምንላቸው የጭነት መኪና ሾፌር ብቻ ነበሩ። የጀማን ቁልቁለት ሌሊት ሲወርዱ ዘመናቸውን የፈጁ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ እንቅልፍ መሪ ላይ ሲመጣ አያስፈቅድም። ተኛ ወይ ብለህ አትጠይቅ፤ ስንት ቀን ሳይተኛ ነዳ ብለህ ጠይቅ» አሉኝ። እስካሁን ከሰማሁት የዜና አጠያየቅ ትምህርት ይህን የሚያህል አላገኘሁም። ከካርቱም አዲስ አበባ አጭር በረራ ነው፤ ስለዚህ መታየት ያለበት ያ በረራ ብቻ ሳይሆን ከሱ በፊት የነበሩት ቀናት ናቸው።

ከሌሎች ምን እንማራለን?

እ.ኤ.አ. በ1981 የአሜሪካ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች በሳምንት 32 ሰዓት ብቻ ለመሥራትና የደመወዝ ጭማሪ ለማግኘት ሕጉ ከልክሏቸው ሳለ ሥራ አቆሙ። ፕሬዚዳንት ሬገን ከ11 ሺህ በላይ የሚሆኑትን አባረሩ። አድማው ተሸነፈ፤ የድካሙ ጥያቄ ግን አብሮ አልተባረረም፤ ዛሬም በዚያው አገር ይነሳል። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ጥቅምት 26 ቀን 2015 ዓ.ም. የኬንያ አየር መንገድ አብራሪዎች ስለ ፕሮቪደንት ፈንድ መዋጮና በኮሮና ጊዜ ስለተያዘ ደመወዝ ሥራ አቁመው በሺህ የሚቆጠሩ መንገደኞች ተጉላልተዋል። በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከጥቂት ቀን በኋላ ተመለሱ። እዚያም የተጎዳው መንገደኛ ክርክሩን ያወቀው በረራው ከተሰረዘ በኋላ ነው።

እኔ አድማ ይፈቀድ ወይም ይከልከል ብዬ ለመፍረድ አልተነሳሁም። አድማ ከተከለከለ ግን ሌላው በር በእርግጥ ክፍት መሆን አለበት፤ ክፍት መሆኑን ማየት ደግሞ የጋዜጠኛ ሥራ ነው። ስለዚህ ነገ የሥራ ክርክር ዜና ሲደርሰን ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ የሚከራከሩበት ደንብ ቃል በቃል ምን ይላል? ቅሬታው መጀመሪያ በጽሑፍ የቀረበው መቼ ነው፣ መልስስ አግኝቷል? «ደክሞኛል» ያለ ሠራተኛ ያለ ቅጣት ወደ ቤቱ ይሄዳል? የሦስተኛውን መልስ ከመግለጫ አናገኘውም፤ ሰዎቹን ሥራ ላይ እያሉ፣ ሳይታሰሩና ሳይታገዱ ማነጋገር ይጠይቃል።